ባለዚፕ ሹራብ በጥንቱ የአሜሪካ ግቢ አለባበስ ውስጥ ቦታ አለው? ከመግዛት በፊት የሚነበብ ንጽጽር

የእህቴ ልጅ ማሳቹሴትስ ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ወሩ ከአንድ ልብስ መደብር የመልበሻ ክፍል ሁለት ፎቶግራፎች ላከልኝ። በአንደኛው ጥቁር ሰማያዊ ክብ አንገት ሹራብ ለብሷል። በሁለተኛው ደግሞ ከአገጭ እስከ ደረት የሚደርስ አጭር ዚፕ ያለው ግራጫ ሹራብ። «ጋሼ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመጡበት እራት አለብን፤ ከላይ ኮት እደርባለሁ። እንደ ድሮዎቹ ተማሪዎች መልበስ ነው የፈለግሁት። የቱ ይሻላል?» ይላል መልእክቱ። «ክብ አንገቱን ውሰድ» ብዬ ልመልስለት ስል እጄ ቆመ። እኔ ራሴ በዚያች ሰዓት የለበስኩት ሹራብ ባለዚፕ ነበር፤ ያውም በሸሚዝና በከረባት ላይ።

ያን ቀን በስልክ ያስረዳሁትን ነው እዚህ በቅጡ የማስቀምጠው። መደብሮች ሁሉንም ሹራብ «የኮሌጅ ስልት» ብለው ስለሚሸጡ ገዢው በስም ብቻ መለየት አይችልም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ የትኛው ግቢ ነው የምናወራው?

ዛሬ የአሜሪካ ተማሪ ክፍል የሚገባው ቆብ ባለው ሹራብና በስፖርት ሱሪ ነው፤ እሱን እንተወው። የጥንቱ የግቢ አለባበስ የምለው በሃርቫርድ፣ በዬል፣ በፕሪንስተን፣ በኮሎምቢያ፣ በብራውን፣ በኮርኔል፣ በዳርትማውዝና በፔንሲልቬኒያ ተማሪዎች ዘንድ የዳበረውን ነው። አይቪ በግንብ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች በ1954 በስፖርት ማኅበር ሲተሳሰሩ «አይቪ ሊግ» የሚለው ስማቸው በይፋ ጸና፣ አለባበሱም በዚያው ተጠራ።

ልብሱ ግን ከስሙ ይቀድማል። ብሩክስ ብራዘርስ ከ1818 ጀምሮ በኒው ዮርክ፣ ጄ ፕሬስ ከ1902 ጀምሮ በዬል ደጃፍ ኒው ሄቨን ላይ ይነግዱ ነበር። ትከሻው ያልተሞላ ኮት፣ የኮሌታው ጫፎች በትንንሽ ቁልፎች ከደረቱ ጋር የሚያያዙ ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪ፣ ማሰሪያ የሌለው የቆዳ ጫማና ከስኮትላንድ ደሴቶች የመጣ የሼትላንድ ሹራብ አንድ ላይ ሆነው መልኩን ሰጡት። በ1965 የጃፓን ፎቶግራፍ አንሺ እነዚህን ግቢዎች ዞሮ ተማሪዎቹን በካሜራ ሲያነሣ አለባበሱ ጫፉ ላይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጂንስና ረጅም ፀጉር ቦታውን ወሰዱት።

ዚፕ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው። ዊትኮም ጀድሰን በ1893 በቺካጎው የዓለም ትርዒት ያሳየው ማያያዣ በመንጠቆ የሚሠራና ሳይታሰብ የሚላቀቅ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ጥርስ በጥርስ የሚገጥመውን የነደፈው ስዊድን የተወለደው መሐንዲስ ጊዲዮን ሰንድባክ ነው፤ በ1913 ሠራው፣ በ1917 የፈጠራ መብቱን አገኘ። «ዚፐር» የሚለው ስም እንኳ የመጣው በ1923 ቢ ኤፍ ጉድሪች የተባለው የጎማ ኩባንያ በዝናብ ቦቲዎቹ ላይ ሲያውለው ነው። በወንዶች ልብስ ላይ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነበር። በዚያን ጊዜ የግቢው ሹራብ ቅርጹን ይዞ ጨርሷል። ቀድሞም በ1922 የዌልስ ልዑል (ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ) ባለ ጌጥ የፌር አይል ሹራብ ለብሶ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሲታይ ወጣቱ ሁሉ ሹራብ በሹራብ ሆኖ ነበር፤ ያ ሹራብም ዚፕ አልነበረውም።

እንግዳ ነው ማለት ግን የተባረረ ነው ማለት አይደለም። ባራኩታ የተባለው የማንችስተር ድርጅት በ1937 የሠራው ባለዚፕ አጭር ጃኬት ኋላ በአሜሪካ ግቢዎች እጅግ ተወደደ። የሱሪው ዚፕማ ማን ያየዋል! ነገሩ ዚፕ የተፈቀደለት ከላይ በሚደረብ ልብስና በስፖርት ልብስ ላይ መሆኑ ነው። ከኮት ሥር በሚለበስ ሹራብ ላይ ሲመጣ ነው ጥያቄው የሚነሣው። ከዚህ በታች የምፈርደውም በዚሁ ነው።

የምለካባቸው ነገሮች

አንደኛው መለኪያ ሹራቡ በዚያ ዘመን በዚያ ግቢ ይለበስ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከባለቁልፍ ኮሌታ ሸሚዝና ከከረባት ጋር ያለው ስምምነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው፣ እኔ ግን ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው። ሦስተኛው ከኮት ሥር ሳይቆለል መቀመጡ፣ አራተኛው ዕድሜውና ሲበላሽ የሚጠገንበት መንገድ፣ አምስተኛው ሙቀትን እንደ አየሩ መጨመርና መቀነስ መቻሉ ነው። ዋጋ በየቦታው ስለሚለያይ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ስለ አራተኛው አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። ሹራብ የሚሠራው ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ስለሆነ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። የዚፑ ጥርሶች የተያዙበት ጥብጣብ ግን የተሸመነ ነው፤ ወዲያም ወዲህም አይልም። ሁለቱ በአንድ ስፌት ሲጋቡ፣ ሹራቡ ከጥቂት እጥበት በኋላ ሲሰበሰብ ወይም ተሰቅሎ ሲረዝም ጥብጣቡ ባለበት ይቀራል። ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል፦ ደረት ላይ እንደ ማዕበል የሚታጠፍ፣ ሰውየው ሲቀመጥ ሆዱ ላይ ጉብ የሚል ዚፕ። ካውያ አያስተካክለውም። ቁልፍ ይህ ጣጣ የለበትም፤ በቁልፍና በቁልፍ መካከል ሹራቡ እንደ ልቡ ይላወሳል።

ክብ አንገት ሼትላንድ

የዚህ አለባበስ ሹራብ አንድ ብቻ ነው ከተባለ ይኸው ነው። የሼትላንድ ሱፍ ሻካራና ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ፊቱ ተቦርሾ ፀጉር እንዲያበቅል ይደረጋል። አንገት ቢያሳክክም የሸሚዙ ኮሌታ በመካከል ስለሚገባ ችግር የለውም። ሸሚዙን ለብሰው ከላይ ሲደርቡት የኮሌታው ጫፎች ከሹራቡ ሥር ይገባሉ፣ የኮሌታው ጉብታ ደግሞ ከክቡ አንገት በላይ ይቀራል። ከረባት ካለ ቋጠሮው ብቻ ብቅ ይላል።

ጉድለቱ ሙቀት ነው። ከውጭ ብርድ ወደ ተሞቀ ክፍል ሲገቡ መውጫ የለውም፤ በራስ በኩል ማውለቅ ብቻ ነው፣ ፀጉርም ይበተናል። በጣም ወፍራም ከሆነም ብብቱ ጠባብ ከሆነ ኮት ጋር ይጣላል። ለጥገና ግን ተወዳዳሪ የለውም። ክርኑ ሲሳሳ ቆዳ ይለጠፍበታል፣ ያም በዚህ አለባበስ ዘንድ ጌጥ እንጂ ነውር አይደለም።

ቪ አንገት

ኮት የሚከፍተውን ቪ ስለሚከተል ከረባቱን ያሳያል፤ ስስ የበግ ግልገል ሱፍ ከሆነ ከየትኛውም ኮት ሥር ይገባል። ከግቢ ይልቅ የቢሮ ጠረን አለው፤ ሥራ የጀመረ ሰው ግን አያጣበትም።

ባለቁልፍ ካርዲጋን

ስሙን የወሰደው በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የፈረሰኛ ብርጌድ ከመራው የካርዲጋን መስፍን ነው። ግቢ ውስጥ ግን ዝናውን ያገኘው በስፖርት ነው። በ1865 የሃርቫርድ ቤዝቦል ቡድን የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ፊደል ደረቱ ላይ ሰፋ፤ ልማዱ ኋላ ወደ ሹራብ፣ ከዚያም ወደ ወፍራም ካርዲጋን ተሸጋገረ። ፊደሉ የሚገዛ አልነበረም፣ በጨዋታ የሚገኝ ነበር። ዛሬ ያልተጫወቱበትን ዩኒቨርሲቲ ፊደል ደረት ላይ መለጠፍ፣ ለእኔ ያልዘመቱበትን ሜዳሊያ ማንጠልጠል ይመስለኛል።

ፊደል የሌለው ስስ ካርዲጋን ከረባት ያሳያል፣ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ከኮት ሥርም እንደ ሰደርያ ይቀመጣል፤ የታችኛውን ቁልፍ ክፍት መተው ይበቃል። ቁልፍ ቢወድቅ አምስት ደቂቃና አንድ መርፌ ነው። ሰፊ ተጣጣፊ ኮሌታ ያለው ወፍራም ካርዲጋን ደግሞ ራሱ ኮት ነው፤ ሌላ ኮት አይደረብበት።

ሙሉ ዚፕ ካርዲጋን

እኔ ያን ቀን የለበስኩት ይህንን ነበር፤ ስለዚህ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ጠበቃ ቢቆጠርብኝ አልቃወምም።

የተሻለው ምስክሬ ፍሬድ ሮጀርስ ነው። ከ1968 እስከ 2001 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለሕፃናት ሲያቀርብ በነበረው ፕሮግራም መግቢያ ላይ ወደ ቤት ይገባል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ ካርዲጋኑን ይለብሳል፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ይስብና መልሶ እስከ ደረቱ ያወርደዋል። ከሥሩ ሁልጊዜ ሸሚዝና ከረባት አለ። እናቱ በእጃቸው ከሠሩለት አንዱ ቀይ ካርዲጋን በ1984 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተሰጥቷል። ሰውየው ዳርትማውዝ ገብቶ ነበር፤ ኋላ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ሮሊንስ ኮሌጅ ተዛውሮ በ1951 ተመረቀ። የግቢ አለባበስ መሪ ነበር አልልም። ግን ያችን የእጅ እንቅስቃሴ ልብ ይበሉ፦ ዚፑ ደረት ላይ ሲቆም ሹራቡ ወደ ቪ ይከፈታል፣ ኮሌታው ይተነፍሳል፣ ከረባቱ ይታያል። ኮቱን ደግሞ አስቀድሞ አውልቆታል። ካርዲጋኑ የኮቱን ቦታ ወስዶ ነው የሚለበሰው እንጂ ከሥሩ ገብቶ አይደለም።

ሙሉ ዚፕ የሚያዋጣው እንዲህ ሲለበስ ነው፤ በቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ከባራኩታ ጃኬት ጋር በአንድ መደብ። ከኮት ሥር ሲገባ ግን ብረቱ ጥርስ ከከረባቱ ጎን እየታየ ሁለት ጃኬት የደረቡ ያስመስላል። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ምርጫ ከሌሎቹ ይበልጥ ትርጉም አለው፤ በክረምት ጠዋት እስከ አንገት የሚዘጋ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል የሚከፈት ነገር የማይፈልግ ማን ነው?

ሩብ ዚፕ

አሁን ወደ ልጁ ሁለተኛ ፎቶግራፍ። ከአንገት እስከ ደረት አጋማሽ የሚደርሰው አጭር ዚፕ ከስፖርት ሜዳ የመጣ ነው፤ ለሩጫና ለጎልፍ የሚስማማ ነገር ነው። ዛሬ በአሜሪካ የባንክና የኩባንያ ሠራተኛው ሁሉ የድርጅቱን ምልክት አስጠልፎ ይለብሰዋል። ምቹነቱን አልክድም፣ እንደ ቢሮ ልብስም አልነቅፈውም። ከጥንቱ የግቢ አለባበስ ጋር የሚያጋጨው አንገቱ ነው።

ፎቶግራፉን አጉልቼ አየሁት። የባለቁልፍ ኮሌታ ሸሚዝ ውበቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ኮሌታው ከአንገት ተነሥቶ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ቁልፉ ሲወርድ የሚሠራው ቀለስ ያለ ጉብታ። ሰዎች ለዚያ ጉብታ ሲሉ ነው ሸሚዙን የሚገዙት። ሩብ ዚፕ ሹራብ የቆመ አንገት አለው። ሲዘጋ ኮሌታውን ከጉሮሮ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሲከፈት ደግሞ ሁለቱ የሹራቡ ጆሮዎች ወደ ጎን ተንጋደው በኮሌታው ላይ ይተኛሉ። ልጁ ላይ ግራው የኮሌታ ጫፍ ከሹራቡ በላይ ወጥቷል፣ ቀኙ ተቀብሯል። ከላይ ኮት ሲደረብበት አንገቱ ላይ ሦስት ኮሌታ ይደራረባል፦ የሸሚዙ፣ የሹራቡ፣ የኮቱ። ከረባት ከተጨመረማ ቋጠሮው ከዚፑ ራስ ጋር ይጋፋል።

ቁልፍ የሚበቃበት ቦታ ላይ ዚፕ ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ያለ ሸሚዝ፣ በነጭ ካናቴራ ላይ፣ በካኪ ሱሪ ከለበሱት ግን አለ ቦታው አልገባም፤ ያኔ የስፖርት ልብስነቱን አምኖ ነው የሚሄደው። ሩብ ዚፕ መግዛት ግድ ከሆነ ስስ የሆነውን፣ አንገቱ አጭር የሆነውንና የዚፑ ቀለም ከሹራቡ ጋር የሚመሳሰለውን ይምረጡ።

ስለ ፍሊስ ብዙ አልልም። ማልደን ሚልስ የተባለው ፋብሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎውረንስ ከተማ ያሳደገው ጨርቅ ነው፣ ለተራራ መውጫ ምርጥ ነው፣ ከፖሊስተር የተሠራ ነው። የሼትላንድን ሥራ አይሠራም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በጥንቱ ግቢ | ከኮሌታና ከረባት ጋር | ከኮት ሥር | ጥገና | ሙቀት መቆጣጠር |
|---|---|---|---|---|---|
| ክብ አንገት ሼትላንድ | ዋናው | በጣም ጥሩ፣ ቋጠሮ ብቻ ይታያል | ጥሩ፣ ወፍራሙ ይከብዳል | ቀላል | ደካማ |
| ቪ አንገት | ነበረ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ |
| ስስ ባለቁልፍ ካርዲጋን | ነበረ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ቀላል | ጥሩ |
| ባለ ሰፊ ኮሌታ ወፍራም ካርዲጋን | ነበረ | ጥሩ | አይሆንም | ቀላል | ጥሩ |
| ሙሉ ዚፕ ካርዲጋን | በዳር | ጥሩ፣ ደረት ላይ ሲከፈት | ደካማ | ልብስ ሰፊ ይፈልጋል | በጣም ጥሩ |
| ሩብ ዚፕ | የስፖርት ብቻ | ደካማ | ደካማ | ልብስ ሰፊ ይፈልጋል | ጥሩ |

ለማን የትኛው?

ኮት ለብሰው እራት ወይም ስብሰባ የሚሄዱ ከሆነ ምርጫው ክብ አንገትና ስስ ካርዲጋን መካከል ነው፤ ከረባት የሚያስሩ ከሆነ ካርዲጋኑ፣ አንገትዎን ከፍተው የሚሄዱ ከሆነ ክብ አንገቱ። ኮት የማይለብሱ፣ ቀኑን በቤተ መጻሕፍትና በመንገድ የሚያሳልፉ ከሆነ ሙሉ ዚፑን ሳይፈሩ ይግዙ። ሥራ ቦታዎ ሁሉም ሰው ሩብ ዚፕ ለብሶ የሚመጣበት ከሆነ ከሰው መለየት ግዴታ አይደለም፤ ግን የኮሌጅ ዘመን ልብስ ለበስኩ ብለው አያስቡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 30 ዶላር ብቻ ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ገብቶ ክብ አንገት ሱፍ ይፈልግ። ሹራቡን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ይያዘው፤ ብል የበላው ቀዳዳ ወዲያው ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ከሳልቫጅ ክምር የሚመርጥም ዘዴው ያው ነው፤ መጀመሪያ የውስጡን ምልክት አንብቦ ሱፍ መሆኑን ያረጋግጥ። ያገለገለ ባለዚፕ ሹራብ ግን ዚፑ አሥር ጊዜ ወጥቶ ወርዶ ካልተፈተነ አይገዛ። 100 ዶላር አካባቢ ላለው አዲስ የበግ ግልገል ሱፍ ሹራብ ይበቃዋል። በስኮትላንድ የተሠራ ፊቱ የተቦረሸ ሼትላንድ ከ200 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ዋጋ ሙሉ ዚፕ ከሚገዙ ሼትላንዱን ያስቀድሙ፤ ዚፑ በሁለተኛ ዙር ይምጣ።

ባለዚፑን ከወሰኑ

መደብር ውስጥ ዚፑን ዘግተው ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት። ሳይለበስ ማዕበል ከሠራ ከታጠበ በኋላ ይብሳል። በውስጥ በኩል ጥብጣቡ ከሹራቡ ጋር የተጋባበትን መስመር ይመልከቱ፤ ስፌቱን የሚሸፍንና የሚደግፍ ሌላ ጥብጣብ ካለ ሠሪው አስቦበታል። ከዚያ ለብሰው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ከታችም ከላይም የሚከፈት ዚፕ ከሆነ ሲቀመጡ ከታች ጥቂት ከፈት ማድረግ ሆድ ላይ የሚወጣውን ጉብታ ያጠፋዋል። የናስ ጥርስ ከድሮው መልክ ጋር ይስማማል፣ ግን ይከብዳል፤ ለስስ ሹራብ የናይሎኑ ይሻላል።

ሲታጠብ ዚፑ የተዘጋ ይሁን፤ ሲደርቅም ተነጥፎ እንጂ ተሰቅሎ አይሁን። ዚፑ ሲያስቸግር በጥርሶቹ ላይ ሻማ ወይም የእርሳስ ጫፍ ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከኋላው ሳይገጥም የሚሄድ ከሆነ የዚፑ ራስ ሰፍቶ ነው፤ በፒንሳ ጎንና ጎኑን በቀስታ መጫን ይመልሰዋል፣ በኃይል ከተጫነ ግን ይሰበራል። ጥርስ ከረገፈ ወደ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም ሹራቡ በመኪናው ሥር ስለሚለጠጥበት ሥራውን አይወደውም፣ የሚያስከፍለውም ለድካሙ ነው።

የእህቴ ልጅ ክብ አንገቱን ገዛ። በገና ዕረፍት ቤቴ ሲመጣ ደግሞ የኔን ባለዚፕ ካርዲጋን ከወንበሩ ጀርባ አንሥቶ ለበሰው፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳበውና መልሶ ደረቱ ላይ አቆመው። ማን እንዳሳየው አላውቅም። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ገብቶ ሄዷል፤ እኔም ቢያንስ ጥርሱን ሻማ ቀብቼ ነው የሸኘሁት።